ፎጣ አጣፊው ሮቦት

ሮቦቱ ከተከመሩት የተጨማደዱ ፎጣዎች አንዱን በብረት ጣቶቹ ያነሳል። አንጠልጥሎ ያዟዙረዋል፤ በካሜራዎቹ ከዚህም ከዚያም ያየዋል። የሚፈልገው የፎጣውን ማዕዘን ነው። አንዱን አግኝቶ ሲይዝ ሁለተኛውን ፍለጋ ያዟዙራል። በመጨረሻ ወጠር አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ያነጥፈዋል፣ ያጥፈዋል፣ በእጁ ዳበስ ዳበስ አድርጎ ያስተካክለዋል። ለአንዱ ፎጣ በአማካይ 25 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል።

ይህ እ.ኤ.አ. በ2010 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ፎጣ ማጠፍ የተማረው ፒአር-ቱ ነው። ሰው የተደነቀበት ቪዲዮ ግን በ50 እጥፍ የተፋጠነ ነበር። ከሮቦት የምንጠብቀውና ሮቦት የሚችለው የሚራራቁት እንዲህ ነው።

ርቀቱ የቆየ ነው። «ሮቦት» የሚለውን ቃል ለዓለም ያስተዋወቀው የቼኩ ደራሲ ካሬል ቻፔክ በ1920 ያሳተመው ቴአትር ሲሆን፣ ሮቦቶቹ ሰው መሳይ ሠራተኞች ነበሩ። የመጀመሪያው የፋብሪካ ሮቦት ዩኒሜት በ1961 ኒው ጀርሲ በሚገኝ የጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር ግን አንድ ትልቅ ክንድ ብቻ ነበር። ትኩስ ብረት ከማሽን እያነሳ ያስቀምጣል። ብረቱ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ቅርጽ ስለሚመጣለት ሥራው ተሳካ።

ፎጣ ግን በተነሳ ቁጥር መልኩን ይለውጣል። ነጠላዋን የምታጥፍ እናት ወሬዋን ሳታቋርጥ ጫፉን በጣቷ ታገኘዋለች። ይህን ችሎታ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስላካበተችው ቀላል ይመስላታል፤ ለማሽን ከቼዝ ይከብዳል። ተመራማሪው ሃንስ ሞራቬክ ይህን በ1988 ጽፎታል፦ ማሽንን ዳማ ማጫወት ይቀላል፣ እንደ አንድ ዓመት ሕፃን እንዲያይና እንዲንቀሳቀስ ማድረግ ግን ከባድ ነው። እውነትም ፒአር-ቱ በፎጣ ሲታገል፣ ኮምፒውተር የዓለሙን የቼዝ ሻምፒዮን ካስፓሮቭን ካሸነፈ 13 ዓመት ሆኖት ነበር።

እድገቱ ግን አልቆመም። በ2022 የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከጀርመን ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ያሠለጠኑት ሮቦት በሰዓት ከ30 እስከ 40 ልብስ አጠፈ። ከመቶው 93 ያህሉ ተሳካለት። 25 ደቂቃው ወደ ሁለት ደቂቃ ለመውረድ 12 ዓመት ፈጅቷል።

ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ተስፋው ሲጋነን ግን እንዲህ ያለው ሥራ ይናቃል። ስለዚህ አዲስ የሮቦት ቪዲዮ ስታዩ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ፍጥነቱ የራሱ ነው? ከጀርባ ሆኖ የሚያንቀሳቅሰው ሰው አለ? ከመቶ ሙከራ ስንቱ ተሳካ?