የሞተርሆም ኤሌክትሪክ፦ ከ30 ወደ 50 አምፔር መሸጋገር ስፒና ከመቀየር የሚለየው በምንድን ነው?

የአሪዞና የሐምሌ ፀሐይ በበረታበት ከሰዓት በኋላ፣ ቤትም መኪናም ሆኖ የሚያገለግል አንድ ሞተርሆም በካምፕ ሥፍራ ቆሟል እንበል። ከአጠገቡ ካለው አጭር የኤሌክትሪክ ምሰሶ ወፍራም ገመድ ተዘርግቶለታል። ጣሪያው ላይ ያለው የአየር ማቀዝቀዣ ያለ ዕረፍት ይሠራል፤ የውሃ ማሞቂያውም በርቷል። ከተጓዦቹ አንዱ ምሳ ለማሞቅ ማይክሮዌቩን ሲያበራ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ጸጥ ይላል። ብሬከሩ ወርዷል።

በሰሜን አሜሪካ በእንዲህ ዓይነት ተሽከርካሪ የሚጓዙ፣ አልፎም ጠቅልለው የሚኖሩበት ሰዎች ይህን ጸጥታ በሚገባ ያውቁታል። ከብሬከሩ ጋር በየቀኑ መሟገት ሲሰለቻቸውም ብዙዎቹ ወደ አንድ ሐሳብ ይመጣሉ፦ የሞተርሆሙን የኤሌክትሪክ መቀበያ ከ30 አምፔር ወደ 50 ማሳደግ።

ሐሳቡ በራሱ ስህተት የለበትም። አደጋው የሚመጣው ለውጡ ስፒናና ብሬከር በመቀየር የሚያበቃ ሲመስል ነው። እንዲህ የተሠራ ሥራ ለሳምንታት ያለ ችግር ሊያገለግል ይችላል። ከዚያም ግድግዳ ውስጥ የተደበቀው ገመድ አንድ ሌሊት ግሎ ይቀልጥና በእንጨትና በፕላስቲክ የተሞላውን ተሽከርካሪ፣ ሰዎች ተኝተውበት ሳለ፣ በእሳት ሊያያይዘው ይችላል።

ቁጥሩ የማይናገረው

30 እና 50 የሚሉት ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲታዩ ሁለተኛው የመጀመሪያውን እጥፍ እንኳ አይሞላም። በተጨባጭ ግን ከሦስት እጥፍ በላይ ነው።

የኤሌክትሪክ ኃይል የሚሰላው ቮልትን በአምፔር በማባዛት ነው። ባለ 30 አምፔሩ ስፒና ሦስት እግሮች ሲኖሩት፣ የሚያመጣውም አንድ የ120 ቮልት መስመር ብቻ ነው፤ 120 በ30 ሲባዛ 3,600 ዋት ይሆናል። ባለ 50 አምፔሩ ስፒና አራት እግሮች አሉት። ሁለቱ እያንዳንዳቸው 120 ቮልት የሚያመጡ ፌዞች ናቸው፤ ሦስተኛው ኒውትራል፣ አራተኛው ደግሞ የመሬት ሽቦ ነው። እያንዳንዱ ፌዝ 50 አምፔር ስለሚሸከም፣ 6,000 እና 6,000 ተደምሮ በጠቅላላው 12,000 ዋት ይገኛል።

መጠኑን በምናውቀው ዕቃ እንለካው ካልን፣ በኢትዮጵያ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ምጣድ አብዛኛውን ጊዜ ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ይስባል። ስለዚህ የ30 አምፔር መስመር ሙሉ አቅም የአንድ ምጣድ ያህል ነው። እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት “ሌላ ነገር እንዳታበሩ” በሚባልበት ቤት ያደገ አንባቢ የሞተርሆምን ኑሮ ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ ይረዳዋል።

የጣሪያ የአየር ማቀዝቀዣ በሥራ ላይ ሳለ እንደየመጠኑ ከ1,300 እስከ 1,800 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ ሞተሩ በሚነሣበት ቅጽበት ደግሞ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይሻል። የውሃ ማሞቂያው ወደ 1,400፣ ማይክሮዌቩ ከ1,000 እስከ 1,500 ዋት ይጠይቃሉ። የሦስቱ ዝቅተኛ ድምር እንኳ 3,700 ነው። በዚህ ላይ፣ ለሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ሳያቋርጥ ለሚሠራ ጭነት ከብሬከሩ አቅም 80 በመቶውን ብቻ መጠቀም የሙያው ደንብ ነው። ይህም ከ30 አምፔር 24፣ በዋት ሲሰላ 2,880 ማለት ነው። በሐምሌ ሙቀት የአየር ማቀዝቀዣ ከሦስት ሰዓት በላይ እንደሚሠራ መገመት አያዳግትም።

ብሬከር የሚጠብቀው ምንን ነው?

ብሬከር የተሠራው ማይክሮዌቩንና ቴሌቪዥኑን ለመጠበቅ የሚመስላቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ዋነኛ ተግባሩ ግን ሽቦውን ከመጋል ማዳን ነው። ለ30 አምፔር የሚዘረጋው የመዳብ ሽቦ የተለመደ ውፍረት 5.3 ካሬ ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን፣ ለ50 አምፔር የሚውለው 13.3 ካሬ ሚሊሜትር አካባቢ ነው። በቀጭኑ ሽቦ ላይ የ50 አምፔር ብሬከር የገጠመ ሰው ዘበኛውን አሰናብቶ በሩን ክፍት እንደተወ ይቆጠራል።

ሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ከአምፔሩ ጋር እኩል እየተራመደ አያድግም። አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በዚሁ ስሌት፣ በአንድ ሽቦ ላይ የሚያልፈው ከ30 ወደ 50 አምፔር ሲያድግ ሙቀቱ 2.8 እጥፍ ገደማ ይደርሳል። አዲሱ ብሬከር ግን ይህን አያውቅም፤ ፍሰቱ ከ50 እስካላለፈ ድረስ ዝም ይላል።

ስለዚህ ለውጡ ሰንሰለቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ መንካት አለበት፦ ከምሰሶው የሚመጣውን የውጭ ገመድ፣ በተሽከርካሪው ጎን ያለውን መቀበያ፣ ከመቀበያው እስከ ብሬከር ሳጥኑ የተዘረጋውን የውስጥ ገመድ፣ በጄኔሬተርና በካምፕ ኤሌክትሪክ መካከል የሚያማርጠውን መቀያየሪያ፣ በመጨረሻም ሳጥኑን ራሱን። አሮጌው ሳጥን አንድ ፌዝ እንዲቀበል የተሠራ ነው፤ አዲሱ ሁለት መቀበል ይኖርበታል። ጭነቱም በሁለቱ መካከል መከፋፈል አለበት። ሁለቱንም የአየር ማቀዝቀዣዎችና የውሃ ማሞቂያውን በአንዱ ፌዝ ላይ ሰብስቦ ሌላውን ባዶ መተው የድካሙን ግማሽ ያባክናል። የአዲሱ ገመድ ክብደትም የሚናቅ አይደለም፤ በተለይ በቅዝቃዜ ጊዜ ጠቅልሎ ማስገባት ጉልበት ይጠይቃል።

በዚህ ሥራ ውስጥ እጅግ አደገኛው ስህተት ግን በውፍረት ላይ የሚፈጸመው ላይሆን ይችላል። በሁለቱ ፌዞች መካከል ያለው ልዩነት 240 ቮልት ነው። እያንዳንዱን ዕቃ በ120 ላይ የሚያቆየው ኒውትራሉ ነው። እርሱ ከላላ ወይም ከተቋረጠ፣ በአንዱ ፌዝ ላይ ያሉት ዕቃዎች በሌላው ፌዝ ላይ ካሉት ጋር በአንድ ሰልፍ ተያይዘው 240ውን ቮልት ይካፈሉታል፤ ክፍፍሉም ፍትሐዊ አይደለም። ብዙ ኃይል የሚስበው የአየር ማቀዝቀዣ አነስተኛ ቮልት ሲደርሰው፣ ትንሽ የሚስበው ቴሌቪዥን ወይም የስልክ ቻርጀር ወደ 240 የሚጠጋ ሊያገኝ ይችላል። አንዲት በደንብ ያልጠበቀች ብሎን በደቂቃዎች ውስጥ የቤቱን ዕቃ ልታቃጥል ትችላለች። በባለ 30 አምፔር ሞተርሆም ውስጥ ሁለተኛ ፌዝ ስለሌለ ይህ ጣጣ የለም፤ ኒውትራሉ ቢቋረጥ ዕቃዎቹ ይጠፋሉ እንጂ አይቃጠሉም።

ሌላም አለ። በአሜሪካ መኖሪያ ቤቶች ኒውትራሉና የመሬት ሽቦው በዋናው ማከፋፈያ ላይ ይገናኛሉ። በሞተርሆም ሳጥን ውስጥ ግን መለያየት አለባቸው፤ ግንኙነታቸው ከካምፑ በኩል አስቀድሞ ተፈጽሟልና። ለመኖሪያ ቤት የተሠራ ሳጥን ገዝቶ ሁለቱን እንዳገናኘ የገጠመ ሰው፣ በኒውትራሉ ላይ መመለስ ያለበት ኤሌክትሪክ በተሽከርካሪው የብረት አካል ላይ እንዲያልፍ ይፈቅድለታል። ሞተርሆም በጎማ ላይ የቆመ ስለሆነ አካሉ ከመሬት ጋር በራሱ አይገናኝም። የመሬት ሽቦው በተቋረጠበት ቀን፣ በባዶ እግሩ እርጥብ ሣር ላይ ቆሞ የበሩን እጀታ የያዘ ልጅ የኤሌክትሪኩ መውረጃ ይሆናል። የአሜሪካ ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ደንብ ለእነዚህ ተሽከርካሪዎችና ለሚያርፉባቸው ካምፖች አንቀጽ 551ን ለብቻው የመደበው ያለ ምክንያት አይደለም።

“ሠላሳ አምፔር” ሲባል የሚሰማው

ብዙ ሞተርሆሞች ከካምፕ ይልቅ በባለቤቱ ወይም በዘመድ ግቢ ቆመው ረጅም ጊዜ ያሳልፋሉ። እዚያ ሶኬት ለማስገጠም የሚጠራው ባለሙያ “30 አምፔር” ሲባል ሊሰማው የሚችለው የልብስ ማድረቂያ ሶኬት ነው። የአሜሪካ ልብስ ማድረቂያ 30 አምፔር ይጠቀማል፤ የቆየው ሶኬቱም ባለ ሦስት ቀዳዳና በመልክ የሞተርሆሙን የሚመስል ነው። ልዩነቱ የሚያመጣው ቮልት 240 መሆኑ ነው። በቤት ሥራ የተካነ ባለሙያ ሳይቀር በዚህ ተሳስቶ የሞተርሆሙን ሶኬት በ240 የሚያገናኝበት ጊዜ አለ። ገመዱ በተሰካበት ቅጽበትም የባትሪ ቻርጀሩ፣ ማይክሮዌቩና ሌላው ሁሉ እጥፍ ቮልት ይቀበላሉ።

መከላከያው ቀላል ነው። ለባለሙያው “30 አምፔር” ብቻ ሳይሆን “120 ቮልት፣ 30 አምፔር፣ ለሞተርሆም” ብሎ መንገር፣ ሥራው ሲያልቅም ማንኛውንም ነገር ከመሰካት በፊት ቮልቱን በመለኪያ ማየት ይገባል።

ስለ አዳፕተርም አንድ ነገር መባል አለበት። ባለ 30 አምፔር ሞተርሆምን በአዳፕተር ከባለ 50 ሶኬት ጋር ማገናኘት ይቻላል፤ የሚገኘው ግን ያው 3,600 ዋት ነው። አዳፕተሩ የሚወስደው ከሁለቱ ፌዞች አንዱን ብቻ ሲሆን፣ የተሽከርካሪው ዋና ብሬከርም 30 እንደሆነ ይቀራል። አዳፕተር የስፒናን ቅርጽ እንጂ የሽቦን አቅም አይለውጥም።

ከመቁረጥ በፊት

አንድ የአየር ማቀዝቀዣ ብቻ ላለው ሞተርሆም የ50 አምፔር ለውጥ ወጪውንና ድካሙን የሚክስ አይመስልም። የውሃ ማሞቂያውንና ማቀዝቀዣውን በጋዝ ማሠራት ከተቻለ የጭነቱ ትልቅ ክፍል ወዲያው ይቃለላል። የአየር ማቀዝቀዣው ሞተር ቀስ ብሎ እንዲነሣ የሚያደርግ መሣሪያ መግጠምም የመነሻውን ድንገተኛ ፍላጎት ይቀንሰዋል። ጭነቱ ሲበዛ ቅድሚያ የማይሰጠውን ዕቃ በራሱ የሚያጠፋ መቆጣጠሪያም አለ።

ሁለተኛ የአየር ማቀዝቀዣ ለመጨመር ለሚሹም መካከለኛ መንገድ አለ። የካምፕ ምሰሶዎች ከ30 አምፔሩ ሶኬት አጠገብ ብዙ ጊዜ የ20 አምፔር ሶኬትም አላቸው። ለሁለተኛው የአየር ማቀዝቀዣ ብቻ የተለየ መቀበያና ገመድ ተዘርግቶለት ከዚያ ቢቀበል፣ አሮጌው ሳጥን ሳይነካ 2,400 ዋት ይጨመራል። ሁለቱ መስመሮች ፌዛቸውም ሆነ ኒውትራላቸው በየትኛውም ቦታ መነካካት የለበትም።

ሁለት ወይም ሦስት የአየር ማቀዝቀዣ ይዘው በሞቃት አገር ለወራት ለሚኖሩ ግን የ50 አምፔር ለውጥ ትርጉም ያለው ነው፤ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ከሠራውና ሰንሰለቱ ሙሉ በሙሉ ከተቀየረ። ያም ሆኖ የካምፑን ድክመት አያክምም። ሁሉም ሰው የአየር ማቀዝቀዣውን በሚከፍትበት ከሰዓት በኋላ የአሮጌ ካምፖች ቮልት በጣም ሊወርድ ይችላል፤ በዝቅተኛ ቮልት የሚሠራ ሞተር ደግሞ ይግላል። ከምሰሶውና ከገመዱ መካከል የሚሰካ መከላከያ ቮልቱ ከ104 ገደማ ሲወርድ፣ ኒውትራሉ ሲቋረጥ ወይም በስህተት 240 ሲመጣ መስመሩን ይቆርጣል። ካለው ገንዘብ አስቀድሞ የሚገዛው ይህ ቢሆን መልካም ነው፤ ለባለ 30ውም ለባለ 50ውም ያገለግላልና።

በአውሮፓ ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። እዚያ መደበኛው መቀበያ ሰማያዊው ባለ ሦስት እግር፣ 16 አምፔር ስፒና ሲሆን፣ በ230 ቮልት ሲሰላ 3,680 ዋት ይሰጣል። ይሁንና ካምፖቹ ብዙ ጊዜ 10 ወይም 6 አምፔር ብቻ ይፈቅዳሉ፤ ይህም 2,300 ወይም 1,380 ዋት ነው። በ6 አምፔር ቦታ ላይ የቤት የውሃ ማፍያ ጀበና መሰካት ብቻውን ብሬከሩን ያወርዳል። ስለዚህ በአውሮፓ አቅም መለወጥ በአብዛኛው ሽቦ መቀየር ሳይሆን ቦታ ሲያዝ የአምፔሩን መጠን መጠየቅ ነው። ረጅም ገመድ ተጠቅልሎ ሳለ መጠቀም ግን እዚያም ያግላል፤ ሙሉ በሙሉ ተተርትሮ መዘርጋት አለበት።

የአሜሪካን ሞተርሆም ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ለማምጣት ያሰበ ሰው ደግሞ ከአምፔር በፊት ሌላ ጥያቄ ይጠብቀዋል። በኢትዮጵያ የቤት ኤሌክትሪክ 220፣ በኬንያ 240 ቮልት ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ወደ 120 ያወርደዋል፤ ድግግሞሹን ግን እንደነበረ ያሳልፈዋል። በሰከንድ ለ60 ዙር የተሠራው የአየር ማቀዝቀዣ ሞተር በእኛ 50 ዙር ሲነዳ ቀርፎ ይሽከረከራል፣ ከወትሮው በላይም ይሞቃል።