ካላኒት ለማየት ስትወጡ እማማንም ይዛችሁ ውጡ

በፌብሩዋሪ ወር ከቤርሼባ በ25 ቁጥር መንገድ ወደ ነቲቮት በኩል ብትነዱ፣ ግማሽ ሰዓት አለፍ ሲል ሾኬዳ ጫካ ትደርሳላችሁ። ከዛፎቹ ሥር ያለው መሬት በአበባ ቀልቶ ታገኙታላችሁ። ይህች አበባ ካላኒት ናት። በ2013 በሕዝብ ድምፅ የእስራኤል ብሔራዊ አበባ ሆና ተመርጣለች። በሰሜን ነጭም ሐምራዊም ትሆናለች፤ በእኛ ደቡብ ግን የምትታየው ቀዩዋ ናት።

ታዲያ ወጣቶቻችን ጓደኛቸውን ይዘው ይሄዳሉ፣ ፎቶ ተነሥተው ይመለሳሉ። እማማ ግን እቤት ናት። «አበባ ምን ያደርግላታል፣ እግሯንም ያማታል» ይባላል። እኔ ደግሞ እላችኋለሁ፤ ከቤተሰቡ ሁሉ ስለ አበባ የምታውቀው እርሷ ናት።

እስቲ አስቡት። ጎንደር ላይ በዓመት ከ1,000 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ይጥላል፤ ቤርሼባ 200 ያህል ብቻ ነው። እዚያ ክረምቱ በሰኔ ገብቶ መስከረም ላይ ሲወጣ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ይሆናል። እዚህ ዝናቡ የሚመጣው በእነርሱ በጋ ነው። የወቅቱ መገለባበጥ እናቶቻችንን ዛሬም ይገርማቸዋል። አደይ አበባ ደግሞ ቆሞ የሚታይ ብቻ አልነበረም። ልጃገረዶች ቀጥፈው፣ ከለምለም ሣር ጋር አስረው፣ ለጎረቤትና ለዘመድ ያደርሱት ነበር። አበባን ማክበር ማለት ለሰው መስጠት ነበር።

አንድ ቀን የሰፈራችን እናት ካላኒት መካከል ጎንበስ ብለው አንዷን ሊቀጥፉ እጃቸውን ሲዘረጉ፣ የልጅ ልጃቸው «ሳፍታ፣ አሱር!» ብሎ በሰው ፊት ጮኸባቸው። ልጁ እውነቱን ነው፤ ክልክል ነው። እሳቸው ግን እጃቸውን ሰብስበው መኪና ውስጥ ገቡ፤ እስክንመለስም አልወረዱም። ለማን ሊሰጡ እንደነበር የጠየቃቸው የለም።

ክልከላው ምክንያት አለው። ድሮ ሰው ካላኒትን በእቅፍ እየለቀመ ቤቱ ይወስድ፣ ገበያም ያወጣ ነበር። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በሕግ ተጠበቀች፤ ልጆችም በየትምህርት ቤቱ «እዩ፣ አትቅጠፉ» እየተባሉ አደጉ። አበባዋ ከተቀጠፈች ዘር አትጥልም። ቀዩን ቀለም ፈልገው የሚመጡ ጥቃቅን ጢንዚዛዎች አሉ፤ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ዱቄቷን የሚያደርሱት እነርሱ ናቸው። ልጆቻችሁ አበባዋ ውስጥ ተኝተው ሊያገኟቸው ይችላሉ።

ለማየት ብቻ መሄድ የዚህ አገር ሰው ብቻ ልማድ አይደለም። ጃፓን ውስጥ ካማኩራ በምትባል ከተማ ሜይገጹ-ኢን የሚባል ቤተ መቅደስ አለ። በጁን፣ በዝናቡ ወራት፣ እኛ እዚህ ሆርተንሲያ የምንላት አበባ ግቢውን ሰማያዊ ታደርገዋለች። ሰው ጃንጥላ ይዞ ተሰልፎ ይገባል፣ ዞሮ ያያል፣ ባዶ እጁን ይመለሳል። የሚቀጥለውም ሰው ያንኑ አበባ ያገኛል።

ለእናቶቻችን ይህን እንዴት እንንገራቸው? በጩኸት አይሆንም። አባቴ ቄስ ነበር፤ ኦሪት የእርሻህን ዳር አትጨርስ፣ ለድሃና ለመጻተኛ ተውለት እንደምትል ከእርሱ ሰምቻለሁ። ይህን እናቶቻችን ከእኛ በፊት ያውቁታል። ስለዚህ «እማዬ፣ ይህ ለሚቀጥለው ሰው የተተወ ነው» በሏቸው። ያኔ አለመቅጠፉም ስጦታ ይሆናል።

አንድ ከባድ ነገርም አለ። ከሾኬዳ አልፋችሁ ወደ ብኤሪና ሬዒም ከሄዳችሁ፣ ያ ምድር ደም የፈሰሰበት ነው። በኦክቶበር 7 ቀን 2023 በኖቫ በዓል ላይ ብቻ ከ360 በላይ ሰዎች ተገድለዋል። ዛሬ የሟቾቹ ፎቶ በዚያ ቆሟል፣ ቤተሰቦች ዛፍ ተክለዋል፤ ካላኒትም በየዓመቱ በዙሪያው ትወጣለች። አበባ ልታዩ ወጥታችሁ እዚያ ከመቆማችሁ በፊት ሽማግሌዎቻችሁን ጠይቁ። በወጋችን ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ተለይቶ ይቀመጥ ነበር፤ መቃብር ባይሆንም ልባቸው የሚከብድባቸው አሉ። ሌሎች ደግሞ ወርደው መጸለይ ይፈልጋሉ። ሁለቱም ይከበር።

ለመንገዱ፦ ቅዳሜ ሰንበት ነው፣ ሰዉም ይበዛል፤ ዓርብ ጠዋት ይሻላል። ፀሐይ ያለበት ቀን ምረጡ፤ በብርድና በማታ አበባዋ ትከደናለች። መንገዶቹ ክፍት መሆናቸውን አስቀድማችሁ አጣሩ። ለእማማ የሚታጠፍ ወንበር፣ በፔርሙስ ቡና፣ ቁራሽ ዳቦ ያዙ። ከተቀመጠው የእግር መንገድ አትውጡ። ካላኒትን ከፔሬግ ለመለየት ከአበባዋ ዝቅ ብላችሁ ግንዷን እዩ፤ ካላኒት የተሰነጣጠቀ አረንጓዴ ቅጠል እንደ አንገትጌ ይከባታል፣ ፔሬግ የለውም።

ቡናው ሲቀዳ ደግሞ እናታችሁን ጠይቁ፦ በመንደራችሁ ምን ምን አበባ ነበረ፣ በየትኛው ወር ይወጣ ነበር፣ ለማን ትሰጡ ነበር? የምትነግራችሁን ስሞች ልጆቹ በአማርኛም በዕብራይስጥም ይጻፉ። ብዙዎቹ ስሞች በእናቶቻችን አፍ ብቻ የቀሩ ናቸው።