ባለቤቱ ያልታወቀ ዓረፍተ ነገር

በሰዋስው ትምህርታችሁ «ባለቤት» የሚለውን ቃል ደጋግማችሁ አግኝታችሁታል። ይህ ትምህርት ለፈተና ብቻ የሚጠና መስሎ ከታያችሁ፣ በእጅ ስልካችሁ የሚደርሳችሁን አንድ መልእክት እንደ መልመጃ አድርጋችሁ መርምሩት።

በአርባ ምንጭ ከተማ የአንድ ክፍል ተማሪዎች ለቤት ሥራ ብለው በከፈቱት የቴሌግራም ቡድን ውስጥ «የነገው ፈተና ተሰርዟል አሉ፤ ለሁሉም አስተላልፉ» የሚል ጽሑፍ ወጣ እንበል። «ተሰርዟል» ተደራጊ ግሥ ስለሆነ ፈተናውን ማን እንደ ሰረዘው አይነግረንም። «አሉ» የሚለው ግሥ ደግሞ ባለቤቱ «እነርሱ» ነው፤ ነገር ግን እነርሱ እነማን ናቸው? በአንዲት አጭር መልእክት ውስጥ ሰራዡም ተናጋሪውም ተሰውረዋል። በግልጽ የታዘዙት አስተላላፊዎቹ፣ ማለትም እናንተ ብቻ ናችሁ። ይህን አምኖ በማግሥቱ ከቤቱ የዋለ ተማሪ ፈተናው ያመልጠዋል።

ተደራጊ ግሥ በራሱ ጥፋት የለበትም። «ብርጭቆው ተሰበረ» የሚል ልጅ ሁሉ ሰባሪውን አያውቅም ማለትም አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ አሳምሮ ያውቀዋል። አሁን ይህን ዓረፍተ ነገር ከፊተኛው ጋር አስተያዩት፦ «ዛሬ ጧት በሰልፍ ላይ ርእሰ መምህሩ ፈተናው ወደ ዓርብ መተላለፉን ሲናገሩ ሰምቻለሁ።» እዚህ ላይ ተናጋሪው፣ ጊዜው፣ ቦታውና ምስክሩ ተለይተው ታውቀዋል። ሐሰት ቢሆን እንኳ ማንን እንደምንጠይቅ እናውቃለን። መምህራችሁ ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን በሰሌዳ ላይ ቢጽፏቸው ከረጅም ማብራሪያ ይልቅ ያስተምራሉ።

በጨንቻ፣ በዶርዜና በሌሎችም የጋሞ ደጋዎች ሕዝብ የሚመክርበትና የሚዳኝበት የአደባባይ ስፍራ ዱቡሻ ይባላል። በዱቡሻ የሚናገር ሰው በሚያውቁት ጎረቤቶቹ ፊት ይናገራል፤ ቃሉ የማን መሆኑ አይጠፋም። ሐሰት መናገርም እንደ ጎሜ፣ ማለትም መዓት እንደሚያመጣ ነውር ይቈጠራል። የቴሌግራም ቡድንም እንደ ሸንጎ ነው፤ ሆኖም በሐሰተኛ ስም የገባ ሰው ፊቱን ሳያሳይ ሊናገርበት ይችላል።

ከዚህ የከፋው ግን ድርጊቱ እውነት ሆኖ ባለቤቱ ሐሰት ሲሆን ነው። በመስከረም ወር 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አጠገብ በምትገኘው በቡራዩና በአካባቢዋ ሰዎች ተገደሉ፤ ከሟቾቹና ከተፈናቀሉት መካከል ብዙዎቹ የጋሞ ተወላጆች ነበሩ። ወሬው እውነት ነበር፤ ኀዘኑም እውነት ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ግን «ገደሉ» ለሚለው ግሥ ባለቤት ሆነው መግባት የሚገባቸው ገዳዮቹ ሆነው ሳለ፣ በቦታቸው የአንድ ብሔረሰብ ስም ይተካል። ያን ጊዜ ከድርጊቱ ቦታ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ የሚኖር፣ ምንም ያላደረገ ጎረቤት የወንጀሉ ባለቤት ይሆናል።

የአርባ ምንጭ ወጣቶች በቁጣ አደባባይ ወጡ። ቁጣቸውም በከተማው በሚኖሩ የኦሮሞ ተወላጆችና ከኦሮሞ ስም ጋር በተያያዘ ንብረት ላይ ሊወርድ ተቃረበ። በዚህ ጊዜ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በወጣቶቹ ፊት በመንገዱ ላይ ተንበረከኩ። በአገሩ ወግ ሣር ይዞ የለመነን አባት ረግጦ ማለፍ ስለማይቻል ወጣቶቹ ተመለሱ። ሽማግሌዎቹ የሞተ የለም አላሉም፤ ያልገደለ ሰው በገዳይ ቦታ እንዳይገባ ከለከሉ እንጂ። የተንበረከኩበትም ሥዕል በፌስቡክ አማካይነት በአገሪቱ ሁሉ ታየ። ለካ ያው መገናኛ ይህንንም ሊያዳርስ ይችላል።

ሕጉም የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት ይፈልጋል። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሁከት ወይም ግጭት ሊያስነሣ የሚችል ሐሰተኛ መረጃን፣ ሐሰትነቱን እያወቀ ብቻ ሳይሆን ማወቅ ሲገባው የሚያሰራጨውንም ሰው ተጠያቂ ያደርጋል። መረጃው የተሰራጨው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ ቅጣቱ ይከብዳል።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ከደረሷችሁ መልእክቶች አንዱን መርጣችሁ በደብተራችሁ ገልብጡት። በእያንዳንዱ ግሥ ሥር አስምሩና ባለቤቱን ከጎኑ ጻፉ። ባለቤት ያጣችሁለት ግሥ ካለ ወደ ቡድኑ ተመልሳችሁ «ይህን ያየ ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የተሰጣችሁንም መልስ ከነሰዓቱ መዝግቡ። መልስ የሰጠ ከሌለ ይህንኑ ጻፉ።