የየረር ሰልፍ፦ በጥንት ስንጥቅ ላይ የበቀሉ ተራሮች

ሰማዩ ሲጠራ ከአዲስ አበባው የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ አካባቢ ሦስት ተራሮች ይታያሉ፦ በደቡብ ምሥራቅ የረር፣ በደቡብ ምዕራብ ፉሪ፣ በምዕራብ ወጨጫ። ሦስቱም እሳታቸው የጠፋ ገሞራዎች ናቸው። የረር ከባሕር ጠለል በላይ 3,100 ሜትር ገደማ ይደርሳል።

የሚያስገርመው አሰላለፋቸው ነው። ዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይዘረጋል። እነ የረር ግን ሸለቆውን ትተው ወደ ምዕራብ ይጓዛሉ። ሰልፉ በደንዲና በወንጪ አልፎ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ወለጋ ውስጥ ቱሉ ወለል ይደርሳል። ጂኦሎጂስቶችም የረር–ቱሉ ወለል መስመር ይሉታል።

ይህን መስመር ማን አሰመረው? ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ያኔ የጥንት የምድር ክፍሎች ተላትመው ሲጣበቁ የአገራችን ጥልቅ አለት ተሠራ፤ ስብራቱም አብሮ ቀረ። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰው ባዛልት ከላይ ሸፈነው እንጂ አላዳነውም። ልብስ ሲወጠር ስፌቱ ቀድሞ እንደሚከፈት ሁሉ፣ ስምጥ ሸለቆው ምድሩን ሲለጥጥ ያረጀው ስብራት እንደገና እንደተላቀቀ ብዙ ተመራማሪዎች ያስረዳሉ። ቅልጥ አለቱም ያንኑ መንገድ ይዞ ወጥቶ ተራራ ሆነ።

የጥንት ስንጥቅ እንደገና መንቀሳቀሱ በሞሮኮ ደግሞ በሌላ ገጽታ ይታያል። ከ200 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አህጉራት ሲለያዩ እዚያ ስምጥ ተፈጠረ፤ በስንጥቆቹ መካከል ያለው መሬትም ወረደ። ኋላ አፍሪካና አውሮፓ ሲገፋፉ እነዚያው ስንጥቆች ወደ ኋላ ተንሸራተቱ፤ የወረደው ወደ ላይ ተገፍቶ ታላቁ የአትላስ ተራራ ሰንሰለት ተነሣ። በመለጠጥ የተከፈተ ስንጥቅ በመጨመቅ ተራራ ያቆማል ማለት ነው።

በእኛ ዘንድ ስንጥቆቹ ዛሬም ሥራ ላይ ናቸው። የአዲስ አበባው ፍል ውኃ ከጥልቅ የሚወጣው በእነርሱ በኩል ነው። የአምቦ ውኃም ጋዙን ይዞ የሚፈልቀው በዚሁ መስመር አካባቢ ነው። በ2017 ዓ.ም. በዋናው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ በፈንታሌና በዶፈን ገሞራዎች አካባቢ በተከታታይ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል።

ቦሌ ለሚ በ2006 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የከተማዋ ምሥራቅ በፋብሪካና በመኖሪያ ቤት እየሞላ ነው። ስለዚህ መሠረት ከመቆፈሩ በፊት የስንጥቆቹን ካርታ ማየት ለመሐንዲስ ቅንጦት አይደለም፤ ምድር ነገ የምትላቀቀው ትናንት በተሰበረችበት በኩል ነውና።