የልጆች ቼዝና መክፈቻው፦ ተረትና እውነታ

ልጁን ወደ ቼዝ ውድድር የሚልክ ወላጅ ስለ ጨዋታው መክፈቻ የማይሰማው ነገር የለም። ከሚሰማው ብዙው ግን ሚዛን አይደፋም።

ተረት፦ በ4 እርምጃ ማት የሚያደርግ ልጅ ጎበዝ ነው።

እውነታ፦ ብልሃቱ የሚሠራው መልሱን በማያውቅ ልጅ ላይ ነው። ነጭ በንግሥቱና በቢሾፑ ኤፍ7 ላይ ያነጣጥራል። ጥቁር አንዱን ፈረስ አስቀድሞ ካወጣ በኋላ ወታደሩን ወደ ጂ6 ገፍቶ ንግሥቲቱን ያባርራል፤ ኤፍ3 ላይ ሆና ዳግም ስታስፈራራ ሌላውን ፈረስ ኤፍ6 ላይ አውጥቶ መንገዷን ይዘጋል። ነጭ ንግሥቱን ሲያንከራትት የጥቁር ሁለቱም ፈረሶች ወጥተዋል።

ተረት፦ መክፈቻ የሸመደደ ያሸንፋል።

እውነታ፦ የ13 ዓመቱ ቦቢ ፊሸር በኦክቶበር 1956 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ በተካሄደ ውድድር ዶናልድ ባይርንን የረታበትን «የክፍለ ዘመኑ ጨዋታ» እንይ። መክፈቻው ግሩንፌልድ የሚባለው መከላከያ ነው። ፊሸር ጥቁር ይዞ በ4ኛው እርምጃ ካስል አድርጎ ንጉሡን ከመሐል አሸሸ። ባይርን ግን ንጉሡ ገና መሐል ቆሞ ሳለ፣ ቀድሞ ያወጣውን ቢሾፕ በ11ኛው እርምጃ እንደገና አንቀሳቀሰ። ያኔ ፊሸር ፈረሱን ኤ4 ላይ፣ የነጭ ፈረስ ሊበላው በሚችልበት ቦታ አኖረው። ባይርን ቢበላው ኢ4 ላይ ያለው ወታደሩ ይወሰዳል፤ በንጉሡ ፊት ያለው መስመርም ይከፈታል። ፊሸር በ17ኛው እርምጃ ንግሥቱን ለመሥዋዕት አቀረበ፤ በ41ኛው ማት አደረገ። ያሸነፈው የባይርን ንጉሥ ያለበትን አደጋ ስላየ ነው።

ተረት፦ እንዲህ የሚጫወት ልጅ ማንንም ይረታል።

እውነታ፦ ፊሸር በዚያው ውድድር ከ11 ጨዋታ ያገኘው 4.5 ነጥብ ነው፤ ከ12 ተጫዋቾች 8ኛና 9ኛውን ደረጃ ተጋራ። የአሜሪካ ሻምፒዮን የሆነው በጃንዋሪ 1958፣ በ14 ዓመቱ ነው።

ተረት፦ እንግዲያው ለልጅ መክፈቻ ማስተማር ከንቱ ድካም ነው።

እውነታ፦ መሐሉን መያዝ፣ ፈረስና ቢሾፕ ቶሎ ማውጣት፣ ካስል ማድረግ፤ እነዚህን ማስተማር ይገባል። ልጁ «ይህን ለምን ተጫወትክ?» ሲባል ምክንያቱን ከተናገረ መክፈቻውን አውቆታል። «እንዲህ ተብያለሁ» ካለ ግን፣ ተጋጣሚው ያልተጠና እርምጃ የተጫወተ ዕለት መላው ይጠፋዋል።