«ቅባት የት ይገባል?»

በመንዝ፣ በመሐል ሜዳ ገበያ ሳሙና፣ የባትሪ ድንጋይና ቅባት አንድ መደብ ላይ ይሸጣሉ። ወሯ የገፋ እርጉዝ ባዶ የክሬም ቱቦ ከመቀነቷ ፈትታ «እንዲህ ያለ አለህ?» አለችው ነጋዴውን። ማድያቱ ከጉንጯ አልፎ ግንባሯ ላይ ወጥቷል። ነበረው። ብሩን ቆጥሮ ተቀበላት፤ ስለ ሆዷ አልጠየቃትም።

ነገሩ ከነከነኝ። ማታ ቤታቸው ላረፍኩባቸው፣ ሰባት ለወለዱት እናት አነሳሁላቸው። እሳቸው ግን ወደ ኮሶ ወሰዱኝ። «ያረገዘች ኮሶ አትቀምስም! ትሉን ሲያወርድ ልጁን መች ይለያል? እኔ ሰባቱንም ስሸከም በዚህ ቤት ኮሶ አልተወቀጠም።» ቅባቱስ ስላቸው ሳቁብኝ። «ቅባት ይጠጣል እንዴ ልጄ? ፊት ላይ ነው እንጂ የት ይገባል?»

ስለ ኮሶው እውነታቸውን ነው። የመንዝና የግሼ ብርድ ለዚህ ዛፍ ይመቸዋል። መድኃኒቱ የሴቴው አበባ ነው፤ ሲበዛ ዓይን ሊያጠፋ፣ ፅንስም ሊያስወርድ ይችላል። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ዛፉን በጆሴፍ ባንክስ ስም ሰየመው፤ ኋላ ደግሞ በኢስታንቡል ይሠራ በነበረው ፈረንሳዊ ሐኪም በብራየር ስም ተጠራ፤ ዛሬ በሳይንስ የሚታወቀው በጀርመናዊው መድኃኒት ቀማሚ በሃገን ስም ነው። ሦስት ፈረንጅ ስሙን የሰጠውን ዛፍ እርጉዝ እንዳትቀምሰው የከለከሉት ግን ስማቸው የትም ያልተጻፈ አሮጊቶች ናቸው።

ቱቦው እንዲህ ያለ አሮጊት የለውም። ለማድያት የሚቀቡት ሃይድሮኪኖን ሲሶው፣ ከዚያም በላይ፣ በቆዳ አልፎ ሰውነት ውስጥ ይገባል፤ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2001 ከቆዳ ማቅያ መዋቢያዎች አስወጥቶታል። አንዳንዱ ማቅያ ቅባት ሜርኩሪ አለበት፤ ሜርኩሪ ደግሞ የእንግዴ ልጁን አልፎ ፅንሱ ዘንድ ይደርሳል። ሌላው ማቅያ፣ ክሎቤታዞል፣ ብርቱ ስቴሮይድ ነው፤ በእርግዝና በብዛት ከተቀቡት ሕፃኑ ክብደቱ አንሶ ሊወለድ ይችላል። ኪኒኑም አለ፦ ለወገብ ሕመም የሚዋጠው ዲክሎፌናክ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የፅንሱን ኩላሊት ሊጎዳና የእንሽርት ውሃውን ሊያሳንስ ይችላል፤ ቴትራሳይክሊን የልጁን ጥርስ ያበልዛል። ለሕመም ሐኪሞች የሚያስቀድሙት ፓራሲታሞልን ነው፣ እሱንም በልኩ።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መዋቢያን ከምግብና ከመድኃኒት ጋር ለአንድ ተቆጣጣሪ ሰጥቷል። ያ ተቆጣጣሪ ገበያ ይወርዳል ወይ ብዬ የጠየቅኋቸው ኃላፊ «ደብዳቤ ይዘህ ና» አሉኝ። ይዤ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ስልካቸው አይነሳም።

ማድያት እኮ አብዛኛውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ የሚያብሰውም ይህ የደጋ ፀሐይ ነው።

ጠዋት ይህንኑ ለእናቲቱ ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ ወደ ጓዳ ዞረው ምራታቸውን ተጣሩ፤ «እስቲ ያን ቅባትሽን አምጪው።»

ቱቦው ሲጨመቅ ሲጣጠፍ ጽሑፉ ተልጦ አልቋል። የቀረው የአንዲት ቀይ ሴት ፊት ነው።