ሁለቱን የሙጫ ግራሮች ስለ መለየት

ሙጫ የሚያፈልቅ ግራር ሁሉ አንድ ነው የሚል አስተያየት በገበያ ዘንድ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ለቃሚው ከየዛፉ ያገኘውን በአንድ ከረጢት ያጠራቅማል፤ የቆላው ነጋዴ ጆንያውን በሚዛን ይረከባል፤ ላኪውም በሰነዱ ላይ «ሙጫ» ብሎ ያስጽፋል። ስሕተቱ የሚገለጠው ዕቃው ባሕር ከተሻገረ በኋላ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ላኪው የሚመርጠው ከሁለት አንዱን ነው፤ ይኸውም ዋጋውን መቀነስ ወይም ዕቃውን መልሶ መውሰድ።

በውጭ አገር «ጋም አራቢክ» ተብሎ የሚሸጠው ሙጫ በተለይ ከሁለት የዱር ግራሮች ይገኛል። አንደኛው በሳይንስ ስሙ አካሺያ ሴኔጋል ሲባል፣ በኦሮምኛ ሳጰንሳ፣ በሱዳን ገበያ ሐሻብ ይሉታል። ሁለተኛው አካሺያ ሴያል ነው፤ በኦሮምኛ ዋጩ፣ በሱዳን ጠልሕ ይባላል። የለስላሳ መጠጥ ፋብሪካዎች የጣዕም ዘይቱ ከውሃው እንዳይለይ የሚያደርግላቸውን የመጀመሪያውን ይመርጣሉ፤ ስለዚህም ዋጋው ከፍ ይላል። ሁለተኛውም ለሌላ ሥራ የሚፈለግ ሸቀጥ ነውና የሚናቅ አይደለም፤ የሚጎዳው በመጀመሪያው ስም ሲሸጥ ነው።

ሁለቱን ለመለየት ከሁሉ የሚቀለው እሾሁን ማየት ነው። የሳጰንሳ እሾህ አጭርና እንደ ድመት ጥፍር የቆለመመ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሦስት ሆኖ ይበቅላል፤ የመካከለኛው ወደ ታች ይታጠፋል፣ የግራና የቀኙ ወደ ላይ ያዘነብላሉ። የዋጩ እሾህ ግን ረጅም፣ ቀጥ ያለና ነጣ ያለ ነው፤ ሁልጊዜም ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይወጣል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በቆላ የሚገኙ ሌሎች ግራሮችም የቆለመመ እሾህ አላቸው፤ ለምሳሌ አካሺያ ሜሊፌራና አካሺያ ፖሊያካንታ የሚባሉት። ነገር ግን የእነርሱ ቆልማማ እሾህ ሁለት ሁለት ነው። እንግዲህ እሾሁ መቆልመሙን ማየት አይበቃም፤ መቁጠር ያሻል፣ እርሱም በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ብቻ ሳይሆን በሦስትና በአራት ቅርንጫፍ ላይ ነው።

በአበባ ወራት ደግሞ የሚያሳስት ነገር የለም። የሳጰንሳ አበባ ነጣ ያለና እንደ ዘለላ የረዘመ ነው፤ የዋጩ ግን ደማቅ ቢጫ ሆኖ እንደ ትንሽ ኳስ የተድቦለቦለ ነው። የሳጰንሳ የፍሬ ቆባ ሰፊ፣ ጠፍጣፋና እንደ ወረቀት የሳሳ ሲሆን፣ የዋጩ ጠባብና እንደ ማጭድ የጎበጠ ነው። የዋጩ ልጥ በእጅ ሲዳሰስ ዱቄት የሚመስል ነገር ይተዋል፤ መልኩም ከአረንጓዴ ቢጫ እስከ ቀይ ይደርሳል።

ሙጫው ተለቅሞ ወደ መጋዘን ከገባ በኋላ ግን መለየቱ አዳጋች ይሆናል። የሳጰንሳ ሙጫ ጠንከር ያለ ድብልብል ነው፤ የዋጩ ደግሞ ቶሎ የሚፈረፈርና አብዛኛውን ጊዜ ጠቆር ያለ ነው። ሆኖም መልኩን ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሰው ብዙ ጊዜ ይታለላል፤ አቧራና ፀሐይ የሳጰንሳንም ሙጫ ያጠቁራሉና።

የውጭ አገር ገዢ በዓይኑ አይፈርድም። በውሃ የሟሟውን ሙጫ ፖላሪሜትር በሚባል መሣሪያ ይመረምረዋል። የሳጰንሳ ሙጫ ብርሃኑን ወደ ግራ ያዞረዋል፤ ልኩም ከ26 እስከ 34 ዲግሪ ነው። የዋጩ ሙጫ ግን ወደ ቀኝ ከ40 እስከ 60 ዲግሪ ያዞረዋል። ስሌቱን መሥራት ለነጋዴ ይጠቅማል። ወደ ግራ 30 ዲግሪ ከሚያሳዩ 9 ጆንያዎች ጋር ወደ ቀኝ 50 ዲግሪ የሚያሳይ 1 ጆንያ ቢቀላቀል፣ የድምሩ ውጤት ወደ ግራ 22 ዲግሪ ብቻ ይሆናል። ይህም ከልክ በታች ስለ ሆነ፣ አንዱ ጆንያ ዘጠኙን ሁሉ ያስጠረጥራል። በመሆኑም ለቃሚው ሙጫውን ገና ከዛፉ ሥር በሁለት ከረጢት እንዲለይና ከናሙናው ጋር እሾህ ያለበት ቅርንጫፍ እንዲያመጣ ማድረግ፣ በመጋዘን ሠራተኛ ቀጥሮ ከማስለቀም ይልቅ ወጪው ያነሰ ነው።

በሰነድ አጻጻፍ ረገድም ሊታወቅ የሚገባው ነገር አለ። በአውሮፓ ለምግብ የሚውለው ሙጫ የሚታወቅበት «ኢ 414» የሚለው ቁጥር ሁለቱንም ስለሚያጠቃልል፣ ቁጥሩን ብቻ በውል ላይ ማስፈር ዓይነቱን አይወስንም። ከዚህም በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር በ2011 የዕፅዋት ሊቃውንት በሜልበርን ከተማ ባደረጉት ጉባኤ፣ አካሺያ የሚለው ስም ለአውስትራሊያ ግራሮች እንዲቀር ቀደም ሲል የተወሰነውን አጸኑ። ከዚያ ወዲህ በሊቃውንት መዝገብ ሳጰንሳ ሴኔጋሊያ ሴኔጋል፣ ዋጩ ደግሞ ቫቸሊያ ሴያል ተብለዋል፤ እንደ መንታ ይታዩ የነበሩት ሁለቱ ዛፎች ወገናቸው እንኳ ተለያየ። ንግዱ ግን የቀድሞውን ስም አልተወም። ስለዚህ በገዢው ደብዳቤ አንዱ ስም፣ በላኪው ደረሰኝ ሌላው ስም ሲገኝ፣ የባንክ ጸሐፊ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች መስለውት ክፍያውን ሊያዘገይ ይችላል። አሮጌውንና አዲሱን ስም በውሉም በደረሰኙም ላይ ጎን ለጎን ማስጻፍ ይህን ክርክር ያስቀራል።